በግድያ ክስ የማቆሚያ ንግግር፦ አንድ የዱላ ምት፣ ሦስት ዳኞች

ምስለ_ችሎት_አቃቂ

ሰላም ለዚህ ቤት። በሦስት ዳኞች ፊት ለሚደረግ ምስለ ችሎት (የልምምድ ችሎት) በተሰጠን ጉዳይ የመከላከያው ወገን ሆነናል፤ የምታውቁ ሰዎች ብትረዱን። ፍሬ ነገሩ ለውድድር የተጻፈ ነው፣ እውነተኛ መዝገብ አይደለም።

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ አንድ የብሎኬት ማምረቻ አለ። የሌሊት ጥበቃው ኅዳር 7 ለ8 አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ በአጥሩ ክፍተት የገባ ሰው ያያል። «ማነህ?» ሲል መልስ የለም። በዱላ አንዴ ይመታዋል። ሰውየው ወድቆ ይነሳል፣ በእግሩ ይሄዳል፤ በማግስቱ ከቀትር በኋላ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ይገባል፤ በሦስተኛው ቀን ያርፋል። የዓይን ምስክሯ ከሁለተኛ ፎቅ በረንዳ፣ 40 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሆና «ጀርባውን ሰጥቶ ሲሄድ መታው» ብላለች። ተከሳሹ ለፖሊስ በሰጠው ቃል «ልቀጣው ብዬ መታሁት» ይላል። የአስከሬን ምርመራው መደምደሚያ «የሞቱ ምክንያት በጭንቅላት ላይ የደረሰ ጉዳት ነው» የሚል ነው። ክሱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 (ተራ የሰው ግድያ) ነው።

የቡድናችን ግማሽ በጁሪ (ከሕዝብ ተመርጠው ፍርድ በሚሰጡ ሰዎች) ፊት እንደሚደረገው ስሜት የሚነካ ንግግር እናድርግ ይላል። ግማሹ ደግሞ ተከሳሹ ጭራሽ አልመታም ብለን እንካድ ይላል። ምን ትመክሩናላችሁ?

የመከላከያ_ወንበር

በመካዱ ልጀምር፣ ምክንያቱም እሱ ጉዳዩን ይገድለዋል። «አልመታሁም» ብላችሁ ከጀመራችሁ «ብመታም ራሴን ስከላከል ነው» ማለት አትችሉም። ሁለቱን የያዘ ማቆሚያ ንግግር (ማስረጃ ካለቀ በኋላ የሚቀርበው የመጨረሻ ክርክር) ዳኛው ፊት ሲነበብ አንዱ ሌላውን ይበላዋል። የፖሊስ ቃል ባለበት፣ ዱላው በኤግዚቢትነት በተያዘበት፣ ምስክር ባየችበት ጉዳይ ክህደት የሚያተርፍላችሁ ነገር የለም። ምቱን እመኑ፤ የምትከራከሩት በሐሳቡ ላይ ይሁን።

ልዩነቱን በዓመት አስሉት። አንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። አንቀጽ 541 (ቅጣቱ የሚቀልበት ግድያ) ከ5 ዓመት ያልበለጠ ቀላል እስራት። አንቀጽ 543 ንዑስ 1 ላይ በቸልተኝነት መግደል ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ። አንቀጽ 78 (ሕጋዊ መከላከል) ከተሳካላችሁ ደግሞ ተከሳሹ በነጻ ይሰናበታል። ክሱ በ540 ቢመጣም ማስረጃው የሚያሳየው ከዚያ ያነሰውን ወንጀል ከሆነ፣ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 113 ንዑስ 2 መሠረት ፍርድ ቤቱ ባነሰው አንቀጽ ጥፋተኛ ሊለው ይችላል። ስለዚህ «ወይ 540 ወይ ነጻ» ብላችሁ ራሳችሁን አታጥሩ።

ዐቃቤ_ሕግ_በልደታ

ከሌላው ወገን ልጻፍ፤ የምትጋፈጡትን እወቁት።

የእኔ መንገድ አንቀጽ 58 ንዑስ 1(ለ) ነው። ሊገድል ባይፈልግም፣ ድርጊቱ ሞት ሊያስከትል እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ ካደረገው ታስቦ እንደተፈጸመ ይቆጠራል። ዱላውን አነሳለሁ፣ የተመታው ቦታ ጭንቅላት መሆኑን እናገራለሁ፣ ምቱ ከኋላ መሆኑን በምስክሯ አረጋግጣለሁ። አዋቂ ሰው ጭንቅላት በዱላ ሲመታ ምን እንደሚሆን ያውቃል እላለሁ። ሦስቱም ከቆሙልኝ 540 ይቆማል። ከሦስቱ አንዱን ካነቃነቃችሁ ግን እቸገራለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የፖሊስ ቃሉን «ተገድዶ የሰጠው ነው» ብላችሁ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ 5 ልታስወጡት ካሰባችሁ ከመጀመሪያው ወስኑ። ቃሉ ውስጥ ያለው «ልቀጣው» የሚለው ቃል ለእናንተ የሚጠቅም ነው፤ ሊቀጣ ያሰበ ሰው ሊገድል አላሰበም ትላላችሁ። ግን ቃሉ ተገድዶ የተሰጠ ነው ባላችሁበት አፍ ያንኑ ቃል መጥቀስ አይሆንም። ደግሞ ቃሉ ሌላ ወገናችሁን ይጎዳል፦ ሊቀጣ የመታ ሰው ራሱን እየተከላከለ አልነበረም እላችኋለሁ።

ፎረንሲክ_ሐኪም

የአስከሬን ምርመራውን መደምደሚያ ብቻ ነው የጻፍከው ወንድሜ። መደምደሚያው ለሁለታችሁም አይጠቅምም። ውጫዊ ምርመራ እና ውስጣዊ ምርመራ የሚሉትን ክፍሎች ሙሉ በሙሉ አስቀምጣቸው።

ምስለ_ችሎት_አቃቂ

ይቅርታ፣ እነሆ፦ «ውጫዊ፦ በጭንቅላቱ የኋላ ክፍል በቀኝ በኩል 4 ሴንቲ ሜትር የተሰነጠቀ ቁስል። በግራ ትከሻ ላይ ሁለት ትይዩ የሰንበር መስመሮች፣ ርዝመታቸው 11 ሴንቲ ሜትር። ውስጣዊ፦ በአንጎል ሽፋን ሥር የደም መጠራቀም፤ በአንጎሉ የፊት ክፍል በግራ በኩል መቀጥቀጥ፤ ከቁስሉ ሥር ባለው የአንጎል ክፍል ላይ የሚታይ ጉዳት የለም።»

ፎረንሲክ_ሐኪም

ሙግታችሁ እዚህ ውስጥ ተቀምጧል። ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ክብ ዱላ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ብዙ ጊዜ የሚተወው አንድ ወፍራም ሰንበር አይደለም። ዱላው ያረፈበት መሐሉ ተጨፍልቆ ደሙ ወደ ሁለቱ ጠርዝ ይገፋል፤ ጠርዞቹ ላይ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበጠሳሉ። ስለዚህ ሁለት ትይዩ መስመር፣ መሐላቸው የገረጣ ቆዳ ይታያል። የግራ ትከሻው ላይ ያለው ይህ ነው፤ ዱላው ያረፈበትን ቦታ እያሳያችሁ ነው።

ወደ ጭንቅላቱ እንምጣ። ቆሞ የነበረ ጭንቅላት በሚንቀሳቀስ ነገር ሲመታ፣ አንጎሉ በብዛት የሚጎዳው ከተመታው ቦታ ሥር ነው። ራሱ እየተንቀሳቀሰ መጥቶ የማይነቃነቅ ነገር ላይ ሲያርፍ ግን፣ ማለትም ሰው ሲወድቅ፣ አንጎሉ በተቃራኒው በኩል ይቀጠቀጣል። ከኋላ ቀኝ ቁስል፣ ከፊት ግራ መቀጥቀጥ፣ ከቁስሉ ሥር ምንም፤ ይህ ወደ ኋላ ወድቆ ጠንካራ ነገር ላይ በጭንቅላቱ ያረፈ ሰው ምስል ነው። ቦታው ብሎኬት ማምረቻ መሆኑን አትርሱ።

ምስክር ሆኖ የሚቀርበውን ሐኪም መጠየቅ ያለባችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ የቁስሉ ዙሪያ የተፋቀ ቆዳ ነበረው ወይ? ውስጡ አሸዋ ወይም ሲሚንቶ ተገኝቷል ወይ? በሰንበሮቹ መሐል ያለው ስፋት ተለክቷል ወይ? የዱላው ውፍረትስ? መሐሉ ከዱላው ውፍረት ጋር በግምት ይቀራረባል እንጂ በሚሊ ሜትር ልክ አይገጥምም፤ «ፍጹም ገጥሟል» እንዲልላችሁ አትገፋፉት፣ ጠንቃቃ ሐኪም ይክዳችኋል። የመጨረሻው ጥያቄ፦ የአንጎሉ ጉዳት ከምት ይልቅ ከመውደቅ ጋር ይስማማል ወይ? «ይስማማል» ካለ ተቀመጡ። አንድ ጥያቄ ከጨመራችሁ «ምትም ሊሆን ይችላል» ይላል።

ተነስቶ መሄዱ አያስገርምም። ከአንጎል ሽፋን ሥር የሚጠራቀም ደም ሰዓታት፣ አንዳንዴ ቀናት ወስዶ ነው አንጎሉን የሚጫነው። በመሐል ሰውየው ደህና ሊመስል ይችላል።

የመከላከያ_ወንበር

ይህ ጉዳዩን ይቀይረዋል። ዱላው ያረፈው ትከሻ ላይ ነው፤ ዐቃቤ ሕጉ ከዘረዘራቸው ሦስት ምሰሶዎች «ጭንቅላት» የሚለው ወደቀ። ትከሻ የሚመታ ሰው ሞትን አይቶ «የመጣው ይምጣ» አለ ለማለት ይከብዳል። አንቀጽ 58 ንዑስ 3 ደግሞ ሰው ካሰበው ባለፈ ለደረሰው ውጤት ታስቦ እንደተፈጸመ አድርጎ መቅጣትን ይከለክላል፤ የቸልተኝነቱ ድንጋጌ ግን እንደተጠበቀ ነው። 540ን ትታችሁ 543 የምትደርሱበት በር ይህ ነው።

ዐቃቤ_ሕግ_በልደታ

ጥሩ ክርክር ነው። ግን ልጆቹ ከዚህ ተነስተው «ስለዚህ የገደለው ብሎኬቱ ነው» እንዳይሉ። በዱላ የተመታ ሰው ብሎኬት በተከመረበት ቦታ መውደቁ በነገሮች የተለመደ ሂደት የሚጠበቅ ነው፤ የአንቀጽ 24 የምክንያትና ውጤት ግንኙነት አልተቋረጠም። «ቶሎ ቢታከም ይተርፍ ነበር» የሚለውም እንዲሁ። አንቀጽ 24 ንዑስ 2 ግንኙነቱን የሚያቋርጠው ጣልቃ የገባው ምክንያት ብቻውን ውጤቱን ለማስከተል በቂ ሲሆን ነው። መዘግየት ብቻውን አንጎል ውስጥ ደም አያፈስም። እነዚህን ሁለት ደካማ ክርክሮች ካነሳችሁ ጠንካራውን ያደበዝዙባችኋል፣ እኔም መልሴን እዚያ ላይ ብቻ አሳርፋለሁ።

543 ላይ ከደረስን ደግሞ ንዑስ 2ን አነሳለሁ፤ በሥራ ግዴታው የሌላውን ደኅንነት የመጠበቅ ኃላፊነት ላለበት ሰው ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው። ጥበቃ ነውና ይመለከተዋል እላለሁ። መልስ አዘጋጁ።

የመከላከያ_ወንበር

መልሱ አጭር ነው፦ የተቀጠረው ብሎኬትና ሲሚንቶ ሊጠብቅ እንጂ የገባውን ሰው ሕይወት ሊጠብቅ አይደለም። የቅጥር ውሉን በሰነድ ማስረጃነት አያይዙ።

ጠይም_ጦማሪ

የሕግ ሰው አይደለሁም። በጁሪ ቢሆን ግን ይህ ሁሉ የሰንበር ስፋት ምን ያደርጋል? ሰዎቹን ማሳመን ነው እንጂ።

ያረፈ_ዳኛ

ጥያቄዎ ጥሩ ነው፤ የቡድኑን ግማሽ ሐሳብም ይመልሳል።

አሜሪካ ውስጥ በግድያ ክስ ሁሉም የጁሪ አባላት (ብዙውን ጊዜ 12) መስማማት አለባቸው፤ ከ2020 ወዲህ በሁሉም ግዛቶች ይህ ግዴታ ነው። እንግሊዝ ውስጥ 12ቱ መስማማት ካቃታቸው ዳኛው የ10ሩን ድምፅ ሊቀበል ይችላል። በሁለቱም አገር ጁሪው «ጥፋተኛ ነው» ወይም «አይደለም» ይላል እንጂ ለምን እንዳለ አይጽፍም። ስለዚህ እዚያ ጠበቃው አሜሪካ ውስጥ በአንድ፣ እንግሊዝ ውስጥ በሦስት ልብ ውስጥ ጥርጣሬ ከተከለ ሊበቃው ይችላል።

በአገራችን የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 149 ዳኛው የማስረጃውን ጭብጥ በአጭሩ እንዲያሰፍር፣ አንዱን ማስረጃ የተቀበለበትን ሌላውን የጣለበትን ምክንያት እንዲጽፍ፣ የሕጉን አንቀጽ እንዲጠቅስ ያስገድደዋል። ዳኛው ቢያዝን እንኳ ኀዘኑን ፍርድ ላይ መጻፍ አይችልም። የሚያስፈልገው ዐረፍተ ነገር ነው፤ ይግባኝ ሰሚው ሲያነበው የሚቆም ዐረፍተ ነገር። ማቆሚያ ንግግራችሁን ስትጽፉ ከእያንዳንዱ አንቀጽ ፊት «ዳኛው ይህን እንዳለ ገልብጦ ፍርዱ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ይህ ምስኪን የልጆች አባት» የሚለው አይገለበጥም። «የአስከሬን ምርመራ ውጤቱ ገጽ 2 በግራ ትከሻ ላይ ትይዩ ሰንበር መኖሩን፣ ከጭንቅላቱ ቁስል ሥር ግን የአንጎል ጉዳት አለመኖሩን ስለሚያሳይ» የሚለው ይገለበጣል። የልጆቹን ነገር ለቅጣት ማቅለያ አስቀምጡት፤ ቦታው እዚያ ነው።

ደግሞ ሙግቱን ለማቆሚያው አታቆዩት። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ እንዳለቀ ፍርድ ቤቱ ሁለት በር አለው፦ ክሱ ካልተረጋገጠ በቁጥር 141 በነጻ ያሰናብታል፤ ከተረጋገጠ በቁጥር 142 «ተከላከል» ይላል። በተግባር «ተከላከል» ከተባለ በኋላ ሸክሙ ወደ ተከሳሹ ትከሻ ዞሮ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ 3 ግን እስከ ፍርዱ ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመቆጠር መብቱን አላነሳበትም። ይህን በማቆሚያችሁ መጀመሪያ በሁለት መስመር አስታውሱ፣ ከዚያ እለፉ። በዚህ ጉዳይ በ141 ትወጣላችሁ ብዬ አልጠብቅም፤ የሐኪሙና የሴትዮዋ መስቀለኛ ጥያቄ ግን ከብይኑ በፊት መዝገቡ ላይ መስፈር አለበት።

የመከላከያ_ወንበር

ያሉት ልክ ነው ጋሼ። ስለ ሴትዮዋ መስቀለኛ ጥያቄ ልጨምር፣ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ውሸታም አትበሏት። አይታለች፤ ጥያቄው ምን ያህል አየች ነው። «ለምን» እና «እንዴት» በሚል ቃል የሚጀምር ጥያቄ አትጠይቋት፣ ማስረዳት ትጀምራለች። አዎ ወይም አይደለም የሚያስብሉ አጫጭር ጥያቄዎችን ደርድሩ፦ ተኝተው ነበር? ያስነሳዎት ድምፅ ነው? ድምፁ «ማነህ» የሚለው ነበር? ከአልጋ ተነስተው፣ የበረንዳውን በር ከፍተው ነው ያዩት? በረንዳው ላይ የተሰጣ ልብስ ነበር? ግቢው ውስጥ የሚበራ አምፖል ስንት ነው? «ማነህ» የሚለውን ሰምታ ከአልጋዋ ከተነሳች፣ በሩ ጋ እስክትደርስ ያለፉትን ሰከንዶች አላየችም። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ሰውየው ወደ ጥበቃው መጥቶ ሊሆን ይችላል። «ጀርባውን ሰጥቶ» ያለችው ደግሞ ከወደቀ በኋላ ተነስቶ ሲሄድ ያየችው ሊሆን ይችላል። ይህን መጨረሻውን ግን ለእሷ አታቅርቡላት፤ ለማቆሚያው ያዙት። ብታቀርቡላት «የለም፣ ሲመታው ነው ያየሁት» ብላ ታጠብቅባችኋለች፣ ዐቃቤ ሕጉም በድጋሚ ጥያቄ ያጸናዋል።

ለፖሊስ ከሰጠችው ቃል ጋር ችሎት ያለችው ከተለያየ ሁለቱን ቃል በቃል አንብቡላት፣ ልዩነቱ በድምፅ መቅጃው ይግባ። ግልባጩ ሲወጣ ገጹን ትጠቅሳላችሁ።

ሰዓትና_ቀን

ብዙ ሰው የማያየው ጉድጓድ አለ። «ኅዳር 7 ለ8 አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል» የፖሊስ መዝገብ አጻጻፍ ነው። የጥሪ ዝርዝር በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከቴሌ ቢመጣ ያው ቅጽበት «ኖቬምበር 17፣ 0:30» ሆኖ ይታተማል። ኅዳር 7 ኖቬምበር 16 ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ግን ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ተቀይሯል። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ማግስት በሚመጣው ዓመት ደግሞ አንድ ቀን ይጨመራል። የሆስፒታሉ ካርድ በየትኛው ሰዓት እንደተጻፈ ካላረጋገጣችሁ «ከምቱ እስከ መግባቱ 15 ሰዓት» ያላችሁት 9 ወይም 21 ሆኖ ይወጣል። አንድ ሰንጠረዥ ሥሩ፤ በአንድ ዓምድ የሰነዱን አጻጻፍ፣ በሌላው የተመለሰውን ሰዓት አስቀምጡ።

መብራት ያን ሌሊት ነበረ ወይስ ጠፍቶ ነበር የሚለውንም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከኤሌክትሪክ አገልግሎቱ በደብዳቤ ጠይቁ። የጨረቃውን ነገር ከስልክ ስክሪን አንስታችሁ አታያይዙ፤ የሚያረጋግጥ አካል ፈርሞና ማኅተም አድርጎ ካልሰጠ ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስወጣዋል። ከስልክ ምሰሶ (ከሞባይል ኔትወርክ ማማ) ተነስቶ «እዚያ ነበር» የሚል ክርክር ከመጣባችሁም፣ በከተማ ዳር ምሰሶዎች ተራርቀው ስለሚተከሉ አንዱ የሚሸፍነው ቦታ ሰፊ መሆኑን አስታውሱ።

ሁለት_ቋንቋ

ቦታውንም አጣሩ። ማምረቻው አዲስ አበባ አስተዳደር ውስጥ ከሆነ ጉዳዩ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። አጥሩ ሸገር ከተማ ክልል ውስጥ ከወደቀ የኦሮሚያ ፍርድ ቤት ይሆናል፣ ችሎቱም በአፋን ኦሮሞ ይሄዳል። በዚያ ዳርቻ አንድ መንገድ መሻገር ፍርድ ቤቱን ይቀይረዋል። ተከሳሹ የችሎቱን ቋንቋ ካልቻለ መንግሥት በሚከፍለው አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። «ልቀጣው» የሚለው ቃል በየትኛው ቋንቋ እንደተነገረና ማን ወደ አማርኛ እንደመለሰው የፖሊስ ቃሉ ላይ ካልተጻፈ፣ ሁለታችሁም አሸዋ ላይ እየገነባችሁ ነው።

ምስለ_ችሎት_አቃቂ

እናመሰግናለን። ምቱን እናምናለን፣ ብሎኬቱንና የሕክምና መዘግየቱን ትተናል። የቀረን ጥያቄ፦ ሕጋዊ መከላከልን (አንቀጽ 78) በመጀመሪያ እናንሳ ወይስ 543ን?

ያረፈ_ዳኛ

78ን መጀመሪያ፣ ግን ማስረጃ ካላችሁ ብቻ። ድንጋጌው ጥቃቱ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ የማይመለስ፣ መከላከያውም ተመጣጣኝ እንዲሆን ይፈልጋል። ሟቹ እጁ ላይ ምን ነበር? ጥበቃው ፊሽካ ነበረው? ሌላ ጥበቃ ነበር? እነዚህን የሚመልስ የመከላከያ ምስክር ከሌለ ድርቅ ያለ 78 ታማኝነታችሁን ይበላዋል። ጥቃት መኖሩ ታይቶ ልኩ ከታለፈ አንቀጽ 79 እና 541(ሀ) ይከተላሉ፤ ከመጠን ያለፈው ጥቃቱ ባስከተለው ይቅር ሊባል በሚችል ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣት ላይጥል ይችላል። ሌሊት፣ ብቻውን፣ መልስ የማይሰጥ ሰው በአጥር ክፍተት መግባቱ ለድንጋጤው ጠንካራ መነሻ ነው። 543 የመጨረሻ አማራጭ ሆኖ ይቅረብ፤ «ይህም ቢታለፍ» ብላችሁ።

በመናገሩ ተራ ዐቃቤ ሕጉ ይቀድማል፣ እናንተ ትከተላላችሁ። የእሱን ሦስት ምሰሶዎች ቁጥር ሰጥታችሁ ጻፉ፣ ሲናገር የተወውን ሰርዙ፣ የተናገረውን ብቻ መልሱ። ጽሑፍ አቅርቡ ከተባላችሁ ከአምስት ገጽ አትለፉ፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ የግልባጩን ገጽ ቁጥር በኅዳጉ ላይ።

ፎረንሲክ_ሐኪም

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ዱላውን ችሎት ፊት አንስታችሁ ለማሳየት ካሰባችሁ፣ ሐኪሙ በተቀመጠበት ሰዓት አድርጉት። የግራ ትከሻ ላይ ሰንበሩ የሄደበትን አቅጣጫ፣ ከላይ ወደ ታች ይሁን ከፊት ወደ ኋላ፣ በራሱ እጅ ያሳያችሁ። ከፊት ወደ ኋላ ከሆነ ሰውየው ፊቱን ወደ ጥበቃው አዙሮ ነበር ለማለት መነሻ ሊሆን ይችላል።

ዐቃቤ_ሕግ_በልደታ

ያን ጥያቄ እኔ ቀድሜ እጠይቀዋለሁ።